ቦርዱ አልሞተም፦ ኢኤስፒ 32 ላይ አፕ በዩኤስቢ ሲጫን የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደሴ ላይ አንድ ኢኤስፒ 32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለውና ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ የያዘ ትንሽ ቦርድ) ከጥቅም ውጭ ከሆነ፣ ሌላ ለማግኘት ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው አዲስ አበባ ማስላክ ነው። ስለዚህ «አፕ ስጭንበት ተቃጠለ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ቦርድ ያስቆጫል፤ አብዛኛው ደህና ነውና። ቺፑ አዲስ ፕሮግራም የሚቀበልበት ኮድ ፋብሪካ ውስጥ ሮሙ ላይ፣ ማለትም በማይለወጠው ሜሞሪ ላይ፣ ተቀርጾ የመጣ ነው። እኛ በዩኤስቢ የምንጽፈው እየጠፋ እንደገና በሚጻፍበት ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ነው። የተሳሳተ ፋይል ቢጫን፣ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢነቀል ሮሙ አይነካም፤ እንደገና ይጫናል። ቦርድ የሚገድለው የተሳሳተ ቮልቴጅና ሾርት ነው።

እዚህ የምናየው ተዘጋጅተው የሚወርዱ አፖችን ነው፤ የኤልኢዲ መብራት የሚቆጣጠረውን ደብሊው ኤልኢዲ፣ ማብሪያ ማጥፊያን ከስልክ የሚያዘውን ታስሞታና የመሳሰሉትን። ኮድ መጻፍ የለበትም። አፑን የያዘውን ፋይል (ቢን ፋይል) አውርዶ ኮምፒውተር ላይ ባለ ክሮም ወይም ኤጅ ብሮውዘር፣ አለዚያም ኢኤስፒቱል በሚባለው ፕሮግራም ወደ ቦርዱ መላክ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ቦርዱ ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ ሴንሰሩንም፣ ሪሌውንም፣ የመብራት ሪባኑንም። ከ220 ቮልት ጋር የሚሠራ ዕቃ ደግሞ፣ ለምሳሌ ታስሞታ የሚጫንበት የግድግዳ ማብሪያ፣ ከመስመሩ ሳይነቀል ከኮምፒውተር ጋር በፍጹም አይገናኝ። በብዙዎቹ ውስጥ የቺፑ ግራውንድ (የማይነስ መስመሩ) ከመብራት መስመሩ የተለየ አይደለም። ላፕቶፑን ያቃጥላል፣ ሰውም ይገድላል።

ምልክት፦ የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም

ድምፅ የለም፣ የፖርት ዝርዝሩ (ኮምፒውተሩ የተሰኩበትን ዕቃዎች የሚያሳይበት) ውስጥም አዲስ ስም አልመጣም። እዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። አንዳንድ የቻርጀር ገመድ ቢላጥ ውስጡ ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ኃይል እንጂ መረጃ አያሳልፍም። መረጃ የሚያሳልፈው በተጨማሪ አረንጓዴና ነጭ ሽቦ አለው። ለማወቅ ግን መላጥ አያስፈልግም። ፒያሳ ካሉት የሞባይል ሱቆች ገመድ ስትገዙ፣ እዚያው ስልካችሁን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙበት። ስልኩ ላይ የፋይል ማስተላለፊያ ምርጫ ከመጣ ገመዱ ይሆናል፤ ቻርጅ ብቻ ካደረገ ሌላ ጠይቁ። ከ1 ሜትር ያልበለጠና ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሲሰካ የቦርዱ መብራት እንኳ ካልበራ፣ ምናልባት ቦርዱ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ሁለት ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች አልተገጠሙም፤ ላፕቶፑም ኃይል አይለቅለትም። በአንድ ጫፉ የተለመደው ሰፊው ዩኤስቢ ያለውን ገመድ ተጠቀሙ፤ ይበራል።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ ድምፅ ይሰጣል፣ ፖርቱ ግን የለም

ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለ ገመዱ ደህና ነው፤ የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዕቃውን የሚያውቅበት ፕሮግራም ነው። የትኛው ድራይቨር እንደሆነ የሚናገረው ቦርዱ ራሱ ነው። ከዩኤስቢ ሶኬቱ ጥግ፣ ብረት ከለበሰው ትልቁ ሞጁል ውጭ፣ ዩኤስቢውን ከዋናው ቺፕ ጋር የምታገናኝ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቺፕ አለች። የስልክ ካሜራ አቅርባችሁ፣ መብራቱን ከጎን አስገብታችሁ ቦርዱን በትንሹ ስታዘነብሉት ጽሑፏ ይወጣል። በአራቱም ጎን እግር ያላት ካሬ ከሆነች ብዙ ጊዜ ሲፒ 2102 ናት፤ ረዘም ብላ በሁለት ጎኗ ብቻ እግር ካላት ሲኤች 340። የመጀመሪያው ድራይቨር ከሲሊከን ላብስ፣ ሁለተኛው ከደብሊውሲኤች ድረ ገጽ ይገኛል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኢንተርኔት ካገኙ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያወርዱታል፤ ዳታ ሲያልቅ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ግን እዚያው ነው የሚቀሩት። ሁለቱንም ድራይቨር አንድ ቀን አውርዳችሁ ፍላሽ ዲስክ ላይ አኑሩ።

ኡቡንቱ ላይ ድራይቨሩ አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ፖርቱ ታይቶ ፈቃድ ከተከለከላችሁ፣ የተጠቃሚ ስማችሁን «ዳያልአውት» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡና ከአካውንታችሁ ውጡ፣ መልሳችሁ ግቡ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ደግሞ ባለ ሲኤች 340 ቦርድ ብልጭ ብሎ ወዲያው ከዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል። የሚወስድበት «ቢአርኤልቲቲዋይ» የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ቺፑን የብሬል መሣሪያ አድርጎ ያየዋል። ፕሮግራሙን ማጥፋት ይፈታዋል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩን በብሬል የሚጠቀም ዓይነ ስውር ካለ አታጥፉበት፤ ሲፒ 2102 ያለበት ቦርድ ፈልጉ።

ፖርቱ እያለ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ካለ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። የአርዱዊኖ ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳይ መስኮት) ወይም ሌላ የብሮውዘር ታብ ተከፍቶ ይሆናል፤ ዝጉት።

ምልክት፦ «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጥብና ሰረዝ ይደረድራል፣ ከዚያ ይተወዋል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። የመጨረሻውን መስመር በደንብ አንብቡ፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራልና። «ሮንግ ቡት ሞድ ዲቴክትድ» ካለ ቦርዱ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ይሰማል፤ ቺፑ ግን መቀበያ ሁኔታ ውስጥ አልገባም፣ የቆየውን ፕሮግራም አስነስቶ ሄዷል። «ኖ ሲሪያል ዳታ ሪሲቭድ» ካለ ግን ምንም አልተሰማም፤ የመረጣችሁት ፖርት የሌላ ዕቃ ነው፣ ወይም ቲኤክስና አርኤክስ በተባሉት የመላኪያና የመቀበያ ፒኖች ላይ የተሰካ ሞጁል መስመሩን ይዞታል።

ለመጀመሪያው መፍትሄው ጣት ነው። መጫን ስታስጀምሩ ቦርዱ ላይ «ቡት» የተጻፈበትን ቁልፍ ተጫኑ፤ ነጥቦቹ መውጣት ሲጀምሩ አትልቀቁ፤ ፐርሰንት መቁጠር ሲጀምር ልቀቁ። ይህ ካልያዘ ቡትን እንደተጫናችሁ «ኢኤን» የሚለውን የሪሴት ቁልፍ አንዴ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ቡትን ልቀቁ፣ ቀጥሎ መጫኑን አስጀምሩ።

ቁልፉ የሚያስፈልገው ሁልጊዜ ከሆነ ዘላቂ መፍትሄ አለው። ቺፑ ከሪሴት ሲነሳ ጂፒአይኦ 0 የተባለው ፒን ከግራውንድ ጋር ከተገናኘ አዲስ ፕሮግራም ይቀበላል፤ ካልተገናኘ የቆየውን ያስነሳል። ኮምፒውተሩ ኢኤንንና ጂፒአይኦ 0ን በራሱ ለመምታት ይሞክራል፤ አንዳንድ ቦርድ ላይ ግን የኢኤን መስመር ቶሎ ይነሳና ጂፒአይኦ 0 ሳይወርድ ቺፑ ይቀድማል። ከኢኤን ወደ ግራውንድ አንድ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ስትገጥሙ ኢኤን ዘግይቶ ይነሳል። የፕላሱ እግር ወደ ኢኤን፣ ሰረዝ የተሳለበት የማይነሱ እግር ወደ ግራውንድ። ሬዲዮ ወይም ቻርጀር ከሚጠግን ሰው ዘንድ ከተጣለ ቦርድ ላይ ይገኛል።

ጂፒአይኦ 12 ላይ የተሰካ ነገር ካለም ንቀሉት። የመጀመሪያው ኢኤስፒ 32 ሲነሳ ይህ ፒን ከፍ ብሎ ካገኘው ለፍላሽ ሜሞሪው በ3.3 ፈንታ 1.8 ቮልት ይሰጠዋል፤ ሜሞሪውም አይነበብም።

ኤስ 3 የተባለው የኢኤስፒ 32 ዓይነት ያለባቸው ቦርዶች ብዙ ጊዜ ሁለት የዩኤስቢ ሶኬት አላቸው። «ዩአርት» ወይም «ኮም» የተባለው በዚያች ትንሽ የዩኤስቢ ቺፕ ያልፋል፤ «ዩኤስቢ» የተባለው ቀጥታ ከዋናው ቺፕ ጋር ነው። በአንዱ እምቢ ሲል በሌላው ሞክሩ። ቀጥታ በሆነው በኩል ቦርዱ መቀበያ ሁኔታ ሲገባ የፖርት ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል፤ ኮም 5 የነበረው ኮም 6 ሆኖ ከመጣ አዲሱን ምረጡ። ጭኖ ሲጨርስም ሪሴትን በእጅ መንካት ሊያስፈልግ ይችላል።

ምልክት፦ መሀል ላይ ይቆማል

መጫኛው ላይ የመላኪያ ፍጥነቱን (ባውድ ሬት) ቀንሱ። ከ921600 ወደ 460800፣ ካልሆነ ወደ 115200። በመጨረሻው ፍጥነት 1 ሜጋባይት ፋይል ቢበዛ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ያን ያህል አያስቸኩልም። የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለ አውጡትና ቦርዱን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ።

ምልክት፦ «ሃሽ ኦፍ ዴታ ቬሪፋይድ» ይላል፣ ቦርዱ ግን ዝም

ይህ መልእክት የላካችሁት ሳይጎድል መጻፉን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ትክክለኛ ፋይል መሆኑንም፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ መጻፉንም አያውቅም። ሲሪያል ሞኒተሩን በ115200 ከፍታችሁ ኢኤንን ንኩ። «ኢንቫሊድ ሄደር» ወይም «ፍላሽ ሪድ ኧር» እየደጋገመ ከወረደ ብዙ ጊዜ አድራሻው፣ ማለትም ፋይሉ ሜሞሪው ላይ የሚጻፍበት ቦታ፣ ተሳስቷል።

አድራሻው የሚጻፈው በሄክሳ ነው፣ ከፊቱ ዜሮ ኤክስ ይገባል። በመጀመሪያው ኢኤስፒ 32 ቡትሎደሩ (አፑን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) ዜሮ ኤክስ 1000 ላይ፣ ሜሞሪው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረው የክፍፍል ሠንጠረዥ ዜሮ ኤክስ 8000 ላይ፣ አፑ ብዙውን ጊዜ ዜሮ ኤክስ 10000 ላይ ይቀመጣል። ኤስ 3 እና ሲ 3 በተባሉት የኢኤስፒ 32 ዓይነቶች ቡትሎደሩ ከዜሮ ይጀምራል። ሁሉም አንድ ላይ ተጣምሮ የተዘጋጀ ፋይል ከሆነ ደግሞ ሙሉው ከዜሮ ነው የሚጻፈው። አፑን ብቻ የያዘ ፋይል ዜሮ ላይ ከተጻፈ ቡትሎደሩ ቦታ ላይ ይተኛበትና ቺፑ የሚያስነሳው ያጣል።

የትኛው ዓይነት ፋይል እንደያዛችሁ ካላወቃችሁ የፋይልን ባይቶች በሄክሳ በሚያሳይ ፕሮግራም ክፈቱትና የመጀመሪያውን ባይት እዩ። ለመጀመሪያው ኢኤስፒ 32 የተሠራ ትልቅ ፋይል በኢ9 ከጀመረ አፑ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ እያለ ከወረደ የተጣመረው ነው። በ3ሲ ከጀመረ ቢን ፋይል አይደለም፤ ይህ የድረ ገጽ መክፈቻ ምልክት ነው፣ የወረደላችሁ ገጹ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግማሹ ብቻ ወርዶ የሚቀርም አለ፤ መጠኑን ከማውረጃው ገጽ ጋር አስተያዩ።

አድራሻው ትክክል ሆኖም እየተነሳ ከወደቀ፣ መጀመሪያ ፍላሹን ሙሉ በሙሉ አጥፉና እንደገና ጫኑ። የቀድሞው አፕ ያስቀመጠው ሴቲንግ አዲሱን ያደናቅፋልና። ካልሆነ የፍላሽ ሞዱን (ቺፑ ሜሞሪውን የሚያነብበትን መንገድ) ከኪውአይኦ ወደ ዲአይኦ ቀይሩ፤ ቀርፋፋ ቢሆንም አብዛኛው ሜሞሪ ይቀበለዋል።

ምልክት፦ ይነሳል፣ ዋይፋይ ሲያበራ ይወድቃል

ሞኒተሩ ላይ «ብራውንአውት ዲቴክተር ዋዝ ትሪገርድ» ይላል፤ ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። ዋይፋዩ ሲልክ ቺፑ በቅጽበት ከ240 ሚሊ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ላይ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል። ቦርዱ ላይ 5 ቮልቱን ወደ 3.3 የሚያወርደው የተለመደው ሬጉሌተር ኤኤምኤስ 1117 ነው፤ ለራሱ ከ1.1 እስከ 1.3 ቮልት ይፈልጋል። በቴስተር ባለ 5 ቮልቱን ፒንና ግራውንድን ለኩ፤ ከ4.6 በታች ከሆነ ገመዱን ወይም ቻርጀሩን ቀይሩ። የመብራት ሪባን ካለ ኃይሉን ለብቻው ስጡት። ደብሊው ኤስ 2812 የተባለው የተለመደ ሪባን አንዷ አምፖል በሙሉ ነጭ 60 ሚሊ አምፔር ገደማ ትስባለች፣ 60 ሲሆኑ 3.6 አምፔር፤ የላፕቶፕ ዩኤስቢ 2 ግን 500 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚሰጥ። የቦርዱና የሪባኑ ግራውንድ ይገናኝ፣ 5 ቮልታቸው ግን አይገናኝ።

ምልክት፦ አፑ ሠርቷል፣ ስልኩ ግን አያገኘውም

ደብሊው ኤልኢዲ መጀመሪያ የራሱን ዋይፋይ ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉ በትንንሽ ፊደል ደብሊው፣ ኤል፣ ኢ፣ ዲ፣ ከዚያ 1234 ነው። ገጹ 4.3.2.1 ላይ ይከፈታል፣ የታስሞታ ደግሞ 192.168.4.1 ላይ። ገጹ ካልመጣ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉ፤ ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በዳታ በኩል ይሄዳልና።

የቤታችሁን ዋይፋይ አስገብታችሁ ካልያዘ፣ ኢኤስፒ 32፣ ኤስ 3 እና ሲ 3 የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርትዝን አያዩትም። ኢንተርኔት የምታገኙት ከስልክ ሆትስፖት ከሆነ ሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ባንዱን ወደ 2.4 ቀይሩና ቦርዱን ኢኤን በመንካት መልሳችሁ አስነሱት።