ተማሪ ስናነጋግር የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ የኮሌጅ የገንዘብ እርዳታን ማጣራት

አሜሪካ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የፌዴራሉን የተማሪዎች ገንዘብ እንዴት እንደያዘ ለማወቅ መጀመሪያ የሚከፈተው የተማሪው ፋይል ነው። ፋይሉ ግን የሚነግረን ኮሌጁ የጻፈውን ነው። በትክክል የሆነውን የሚያውቀው ተማሪው ነው። ገንዘቡ የወጣው በእሱ ስም ነው፤ ብድር ካለበትም ዕዳው የሚከተለው እሱን ነው። ስለዚህ ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣ ገምጋሚም ሆነ የኮሌጁ የውስጥ ኦዲተር ከተማሪ ጋር የሚቀመጥባት ግማሽ ሰዓት ትልቅ ዋጋ አላት። እኔም በዚህ ሥራ ስቆይ ይህችን ግማሽ ሰዓት በከንቱ ያጠፋሁባቸው ቀናት ነበሩ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ተማሪዎቹን ኮሌጁ እንዲመርጥ መተው

ኮሌጁ ከመረጠ የሚመጡት ቢሮው ውስጥ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩት፣ ጥሩ ውጤት ያላቸው፣ ሁሉ ነገር የተሟላላቸው ናቸው። ስም ዝርዝሩን ይቀበሉና እርስዎ ይምረጡ። ቦታውም ከገንዘብ እርዳታ ቢሮው ራቅ ያለ ይሁን።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርት አቋርጠው የወጡትን ይፈልጉ። ገንዘብ በብዛት የሚበላሸው እዚያ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ተማሪው ከሴሚስተሩ 60 በመቶውን ሳያልፍ ካቋረጠ፣ እርዳታው የሚታሰብለት በቆየበት ቀን ልክ ነው። ቀሪው ይመለሳል። ኮሌጁ ድርሻውን ለመመለስ ያለው ጊዜ፣ ተማሪው ማቋረጡን ካረጋገጠበት ቀን አንስቶ 45 ቀን ነው።

እንግዲህ ሴሚስተሩ 105 ቀን ነው እንበል። ልጁ በ42ኛው ቀን ቀርቷል። ይህ 40 በመቶ ነው። መዝገቡ ግን 70ኛው ቀን ላይ ቀረ ይላል፤ ይህ ወደ 67 በመቶ ይጠጋል። በመዝገቡ ከሄድን ምንም የሚመለስ ገንዘብ የለም። ልዩነቱን ያመጣው የአንድ ቀን ምዝገባ ብቻ ነው። እውነተኛውን ቀን ደግሞ ልጁ ያውቀዋል። «ሥራ የጀመርኩት ያን ሳምንት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባሁም» ይልዎታል። የመጀመሪያ ደሞዙ የገባበትን ቀን ሲያሳይዎት ነገሩ ይጠራል።

በደንቡ ቋንቋ መጠየቅ

«የብድር መግቢያ ምክር ወስደሻል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ «አዎ» ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «አዎ» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበደር ተማሪ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ስለ ብድሩ ግዴታዎች የሚያስረዳውን ይህን ምክር መውሰድ ግዴታው ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚወሰደው በኮምፒውተር ነው። ተማሪዋ ግን ስሙን አታውቀውም። «አላውቅም» ማለት ያሳፍራታል። ከእኛ ቤት ያደገች ከሆነች ደግሞ ይሉኝታው አለ። ከፊቷ የተቀመጠውን ትልቅ ሰው «አልገባኝም» ብላ ማስቸገር አትፈልግም።

የሆነውን ነው መጠየቅ። «ብድሩን የሞላሽ ቀን ምን እንዳደረግሽ ንገሪኝ። የት ነበርሽ? አጠገብሽ ማን ነበር? ኮምፒውተሩን ማን ያዘው?» ከዚያ ዝም ማለት ነው። ዝምታውን መታገስ ከባድ ነው፤ ግን ይታገሱ።

አንዲት ተማሪ በዚህ መንገድ ስጠይቃት የነገረችኝን አልረሳውም። የተማሪ ምዝገባ ሠራተኛዋ «ቶሎ እጨርስልሻለሁ» ብላ ፓስወርዷን ተቀበለቻት። ልጅቷ ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ስትመለስ ሁሉም አልቋል። ፋይሉ ላይ ምክሩ በቀኑና በሰዓቱ «ተጠናቋል» ተብሎ ተመዝግቧል። ወረቀቱ እንከን የለውም። ልጅቷ ግን አንድ መስመር አላነበበችም። የፌዴራሉ የተማሪዎች እርዳታ መለያና ፓስወርድ ደግሞ የባለቤቱ ብቻ ነው። ወላጅ እንኳ ሊጠቀምበት አይፈቀድም።

«እርዳታ» በሚለው ቃል ላይ ሳይቆሙ ማለፍ

ይህ በአማርኛ ለምናነጋግራቸው ተማሪዎች ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። «ፋይናንሻል ኤይድ» ሲባል ነጻ ገንዘቡም ብድሩም አብረው ይጠራሉ። በእኛ ቋንቋ ግን እርዳታ የማይመለስ ነገር ነው። የተረዳ ሰው ምስጋና እንጂ ዕዳ የለበትም። ስለዚህ የማመልከቻ ቅጹን «እርዳታ» እያልን ስንተረጉምለት፣ ተማሪው ጠቅላላ ድምሩን መንግሥት የሰጠው ስጦታ አድርጎ ይወስደዋል።

ፔል ግራንት፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ ገንዘብ፣ በመደበኛው አሠራር አይመለስም። ለ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ የተሰጠው ውስጥ ብድር ሊኖር ይችላል፤ ብድር ደግሞ ከነወለዱ ይከፈላል። እኔ አሁን «ከዚህ ውስጥ የምትመልሰው አለ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። አንዳንዱ ቁጥሩን ይነግረኛል። አንዳንዱ ደግሞ ደንገጥ ብሎ «የሚመለስ አለው እንዴ?» ይለኛል። ኮሌጁ ብድሩን እንዴት እንዳስረዳው ከዚህ የበለጠ የሚናገር ወረቀት አላየሁም።

አስተርጓሚ ካስፈለገ ከኮሌጁ ሠራተኛ አይሁን። ወንድም ወይም አጎትም አይሁን። ዘመድ አዝኖላት መልሱን ያስተካክልላታል፤ አንዳንዴም ፎርሙን የሞላው እሱ ራሱ ነው።

ቀንን በግምት መቀበል

የትምህርት ክፍያው ከተሸፈነ በኋላ የተረፈ የፌዴራል ገንዘብ ካለ፣ ኮሌጁ በ14 ቀን ውስጥ ለተማሪው መስጠት አለበት። ብዙ ሰው «ሪፈንድ» የሚለው ይህን ነው። «ሪፈንድህ ዘግይቷል?» ብለው ከጠየቁ «ትንሽ» ይልዎታል። ትንሽ ስንት ነው? ፈቃደኛ ከሆነ በስልኩ የባንክ መተግበሪያውን ይክፈትና የገባበትን ቀን ያንብብልዎት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ተማሪውን እንደ ተጠርጣሪ ማየት

ተማሪው ሲጠራ መጀመሪያ የሚያስበው «እርዳታዬ ሊቆረጥ ነው» ብሎ ነው። ቁጭ ሲል ፊቱ ላይ ያዩታል። ከጥያቄ በፊት እርስዎ ማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደጠሩት፣ የሚጣራው የኮሌጁ አሠራር እንደሆነ በቀላል ቃል ይንገሩት። ግን የማይችሉትን ቃል አይግቡ። «የምትነግረኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም» ማለት ውሸት ነው፤ ሪፖርት ይጻፋልና። «ምንም አይደርስብህም» ማለትም የእርስዎ ሥልጣን አይደለም።

የእርዳታ ማመልከቻ ቅጹ ላይ ሐሰት ሲገኝ ሰው ቶሎ ብሎ ተማሪው ላይ ይፈርዳል። እኔ መጀመሪያ «እንዲህ ብለህ ሙላ ያለህ ሰው ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 በኮንግረስ ሥር ያለው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ አመልካች መስለው የሚገቡ መርማሪዎችን ለትርፍ ወደሚሠሩ 15 ኮሌጆች ልኮ ነበር። በ4ቱ ውስጥ የኮሌጁ ሰዎች ቅጹን በሐሰት እንዲሞሉ መርማሪዎቹን አበረታተዋል። 250,000 ዶላር ቁጠባ እንዳይጻፍ የተመከረበት ጊዜም ነበር። የ18 ዓመት ልጅ ቢሮ ውስጥ ያለ ሠራተኛ «እንዲህ ነው የሚሞላው» ካለው በምን አቅሙ ይከራከራል?

«ይሄ ከርዕሳችን ውጪ ነው» ብሎ ማቋረጥ

ተማሪ ስለ መምህር ማማረር ሲጀምር ብዙ ጠያቂ ብዕሩን ያስቀምጣል። አያስቀምጡ። «መምህሩ ሦስት ሳምንት አልመጣም» የሚለው ቅሬታ፣ ገንዘብ የተወሰደበት ትምህርት በእርግጥ መሰጠቱን የሚጠይቅ ነው። «የመዘገበኝ ልጅ ጓደኛ ካመጣሁ እሱም እንደሚጠቀም ነገረኝ» የሚለውም ተራ ወሬ አይደለም። ኮሌጆች ለመልማዮቻቸው ባስመዘገቡት ተማሪ ቁጥር ኮሚሽን እንዳይከፍሉ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ይከለክላል። የካፍቴሪያው ምግብ ጉዳይ ግን በጨዋነት ይታለፋል።

አንድን ቃል እንደ ፍርድ መያዝ፣ ወይም ፊርማ አለ ብሎ መጣል

ተማሪም ይረሳል። ሁለት ሴሚስተር ያደባልቃል። የተናደደ ተማሪ ያጋንናል። ስለዚህ አንድ ሰው ስለተናገረ ብቻ ኮሌጁን ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም። የኮሌጁ ሠራተኞችም በቅንነት የሚለፉ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ለብዙ መቶ ተማሪ ሁለትና ሦስት ሆነው ነው የሚሠሩት።

የበለጠ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላኛው ጫፍ ነው። ልጁ «አልፈረምኩም» ይላል። ገምጋሚው ፋይሉን ገልጦ «ይኸው ፊርማህ» ይለዋል። ልጁ አፍሮ ዝም ይላል። ነገሩ በዚያው ይዘጋል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ግን ሰዓት አለው፤ የተፈረመበትን ኮምፒውተር አድራሻ የያዘ መዝገብም ሊኖር ይችላል። አሥር ተማሪዎች ባንድ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ፈርመው ከተገኙ፣ የልጁ ቃል ሌላ ክብደት ያገኛል። አንዱ የተናገረውን ይዘው ለሚቀጥሉት ያንኑ ጥያቄ በዚያው አጠያየቅ ያቅርቡ። ያኛው ምን እንዳለ ግን አይንገሯቸው።

በራስ ቋንቋ ማስታወሻ መያዝ

ልጅቷ «ፓስወርዴን ወስዳ እሷ ሞላችው» አለች። ሪፖርቱ ላይ የወጣው «ተማሪዋ በምክር አገልግሎቱ ቅሬታ አላት» የሚል ነው። ማን ምን እንዳደረገ ጠፋ። ቃሏን እንዳለ ይጻፉ፤ ከመለያየታችሁ በፊትም የጻፉትን ያንብቡላት። «አይ፣ ሰኞ ሳይሆን ማክሰኞ ነበር፤ ሰኞማ ቢሮው ዝግ ነው» ብላ ስታርም ያንኑ ወረቀት ላይ ያስተካክሉት።