ቫርኒሽ ከመቀባት በፊት ብናኝን ከእንጨት ላይ ማስወገድ

በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ የለሰለሰ የዋንዛ ጠረጴዛ ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ ሲዳሰስ የሚሻክረው፣ ብዙ ጊዜ ቫርኒሹ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ከሥሩ ብናኝ ቀርቶ ነው። ብናኙ ከቫርኒሹ ጋር አብሮ ሲደርቅ ጠጣር ነጥቦችን ይፈጥራል፤ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የታመቀው ደግሞ ቫርኒሹ ጠልቆ እንዳይይዝ ያደርጋል፣ የእንጨቱንም መልክ ያደበዝዛል። የዋንዛ ቀዳዳዎች ከጽድ ይልቅ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ብዙ ብናኝ ይይዛሉ።

ጽዳቱ የሚጀምረው በማለስለሱ ሥራ መካከል ነው። ከ120 ቁጥር ወረቀት ወደ 180፣ ከዚያም ወደ 220 ሲሸጋገሩ በየመሐሉ ጠረጴዛውን ይጥረጉ፤ ምክንያቱም ከሻካራው ወረቀት የረገፈ አንድ ቅንጣት በደቃቁ ወረቀት ሥር ከገባ፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ጎልቶ የሚታይ ጭረት ይተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አፍና አፍንጫን በማስክ መሸፈን ግዴታ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል የመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

ማለስለሱ ሲያልቅ ሰጋቱራውን ከወለሉ ጠርገው ያውጡ፤ ከተቻለም በዚያው ክፍል ውስጥ በዚያው ሰዓት አይቀቡ፣ ደቃቁ ብናኝ በአየር ላይ ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርዳልና። በበጋ ነፋሻ ቀናት መስኮትና በር አቧራ ስለሚያስገቡ፣ ወለሉን ውሃ አርከፍክፈው አቧራው እስኪረጋ ይጠብቁ። ቫርኒሹ ሽታ ስላለው ግን ክፍሉ ጭራሽ አየር አልባ መሆን የለበትም።

ቀጥሎ ጠረጴዛውን ለስላሳ ጠጉር ባለው ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይጥረጉ፤ መጋጠሚያዎችንና ማዕዘኖችን በተለይ ይመልከቱ። የብሩሽ ጫፍ ያለው ቫኪዩም ክሊነር ካለ ከሁሉም ይመረጣል፣ ብናኙን ስቦ ያስቀራልና። በኮምፕሬሰር መንፋት ቀዳዳዎችን በደንብ ያጸዳል፤ ነገር ግን ብናኙን ወደ ክፍሉ አየር መልሶ ስለሚበትን፣ ከቱቦውም ዘይትና ውሃ ሊወጣ ስለሚችል፣ ውጭ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

የመጨረሻው ሥራ በጨርቅ መወልወል ነው፤ ጥድፊያ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ጨርቁ ታጥቦ ያረጀ፣ ክር የማይለቅ ጥጥ ይሁን። የሚቀባው በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ከሆነ፣ ጨርቁን በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) በጥቂቱ ያርጥቡት፤ ፈሳሹ ደቃቁን ብናኝ ይዞ ይወጣና ቶሎ ይተናል፣ እንጨቱንም አያሳብጥም። የሚቀባው በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ከሆነ ግን በንጹሕ ውሃ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይጠቀሙ። ውሃው የእንጨቱን ቃጫዎች ስለሚያስነሣ፣ ሲደርቅ በ220 ወረቀት ቀለል አድርገው አለስልሰው ብናኙን እንደገና ያንሡ። ጨርቁን ደጋግመው እያጠፉ ሁልጊዜ ንጹሕ ገጹን ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ያነሡትን ብናኝ መልሰው ያሰራጩታል። ሲሊኮን ያለበት የቤት ዕቃ ማወልወያ ፈጽሞ አይንካው፤ ቫርኒሹ በዚያ ቦታ አይረጋም፣ ክብ ክብ ክፍተት ይፈጥራል።

ጽዳቱ መጠናቀቁን ለማወቅ መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርገው ገጹን አሻግረው ይመልከቱ፤ ከላይ ሲያዩ የማይታየው ብናኝ በዚህ ብርሃን ጥላ ይሠራል። ጥቁር ጨርቅ አሽተውም ነጭ ነገር ይዞ እንደሆነ ማየት ይቻላል። የተወለወለው ገጽ ሳይደርቅ መቀባት አይጀመርም።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቅብ መካከልም በ320 ወረቀት ቀለል ባለ እጅ ካለሰለሱ በኋላ ይኸው ውልወላ ይደገማል። ሥራው ሲያበቃ የተልባ ዘይት ወይም በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ የነካቸውን ጨርቆች ጠቅልለው አይጣሉ፤ በራሳቸው ሙቀት ሊቀጣጠሉ ስለሚችሉ ውጭ ዘርግተው ያድርቋቸው።