በካኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ ድንኳን ተክሎ እንዴት ማደርና ተራራ መውጣት እንደሚቻል

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለሚኖር፣ በተለይም ልጆች ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫካ ውስጥ ለማደር ላሰበ ቤተሰብ፣ በሰሜን ሜሪላንድ ተርሞንት ከተማ አጠገብ ካለው ካኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ የተሻለ መጀመሪያ ያለ አይመስለኝም። ፓርኩ በካቶክቲን ተራራ ላይ የሚገኝ ሲሆን ሐይቅ፣ ፏፏቴና የካምፕ ቦታ አለው። ፏፏቴው 78 ጫማ፣ ማለትም 24 ሜትር ገደማ ከፍታ ቢኖረውም፣ እንደ ጢስ ዓባይ ከገደል አፋፍ የሚወረወር ሳይሆን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላተመ የሚወርድ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቦታ መያዝ ነው። ፓርኩ ሁክ እና ማነር የተባሉ ሁለት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ለሐይቁና ለፏፏቴው የሚቀርበው ሁክ ስለሆነ እሱን ይምረጡ። ቦታው የሚያዘው በሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች የቀጠሮ ድረ ገጽ ነው። ከሜሞሪያል ዴይ (ሜይ መጨረሻ) እስከ ሌበር ዴይ (ሴፕቴምበር መጀመሪያ) ባሉት ቅዳሜና እሑዶች መኪና ማቆሚያው ሲሞላ ለቀን ጎብኚዎች በሩ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የሥራ ጠባይዎ ከፈቀደ በሳምንቱ መካከል መሄድ ይሻላል።

ቀጥሎ ዕቃ ያዘጋጁ። አዲስ ድንኳን ከሆነ ከመሄድዎ በፊት በጓሮ ወይም በሰፈር ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ተክለው ይሞክሩት፤ የጎደለ ካስማ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ሸራ ከወለሉ ወጥቶ ከታየ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ጠርዙን አጥፈው ያስገቡት። የመኝታ ከረጢት ብቻውን አይበቃም፤ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው መሬቱ ስለሆነ ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልጋል። የማገዶ እንጨት ከቤት አይውሰዱ፤ ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት በእንጨት ውስጥ ተደብቀው ከቦታ ቦታ ስለሚዛመቱ እዚያው አካባቢ መግዛት ይገባል። ለእራት በርበሬና ቅመም የገባበት የሽሮ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና እንጀራ ከያዙ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፤ ለመንገድ ደግሞ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚተካከለው የለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲነሱ በአውራ ጎዳና 270 እስከ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በመንገድ 15 ወደ ሰሜን እስከ ተርሞንት ይጓዙና በመንገድ 77 ወደ ምዕራብ ይታጠፉ። በተራራው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ካርታውን ከቤት ሳይወጡ ስልክዎ ላይ ያውርዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰው፣ ውሃ የማያቁርበትን ደልዳላ ቦታ ከመረጡ በኋላ ወደ ላይ ቀና ብለው የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ያረጋግጡ። በአካባቢው ጥቁር ድብ ስላለ፣ ምግብ ብቻ ሳይሆን የወጡ ድስት፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ጭምር ሌሊቱን መኪና ውስጥ ተቆልፈው ይደሩ።

ወደ ፏፏቴው የሚወስዱትን መንገዶች በዛፎቹ ላይ ከተቀቡት ምልክቶች ይለዩአቸዋል። ቀዩ ሎወር ትሬል ግማሽ ማይል ያህል ሲሆን መካከለኛ ነው፤ ቢጫው ክሊፍ ትሬል ግን ረዘም ያለ፣ ቋጥኝ የበዛበትና የሚያደክም ነው። ጉልበትን የሚጎዳው ከመውጣት ይልቅ ቁልቁል መውረድ ስለሆነ፣ በቢጫው ወጥቶ በቀዩ መመለሱን እመርጣለሁ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን በቀዩ ይሂዱ፣ በቀዩ ይመለሱ። ፏፏቴው ሥር ያለው እርጥብ ድንጋይ እጅግ ስለሚያንሸራትት ልጆች እንዲንጠላጠሉበት አይፍቀዱ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች ከመንገድ 77 የሚነሳ አጭር የእንጨት መተላለፊያ መኖሩ የሚያስደስት ነው፤ አያቶችም ሳይቀሩ ማየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ከጉዞ መልስ የማይታለፈው ሥራ መዥገር መፈለግ ነው። በዚህ አገር «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር ገና ሳያድግ የሰሊጥ ፍሬ ስለማያህል በዓይን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከጉልበት ጀርባ፣ ከወገብ ዙሪያ፣ ከብብት፣ ከጆሮ ኋላና ከፀጉር ሥር በጣት እየዳሰሱ ይፈልጉ፤ የልጃገረዶችን ሹሩባ መስመር በመስመር ማየት ያስፈልጋል። ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይያዙና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ቅቤ መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ አይገባም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም በቆዳ ላይ የሚሰፋ መቅላት ከታየ ሐኪም ዘንድ ሄደው መዥገር እንደነከስዎ ይንገሩ።

ከመነሳትዎ በፊት እሳቱ ላይ ውሃ አፍስሰው አመዱን ያማስሉ፣ እንደገናም ያፍስሱ፤ እጅዎን ከላዩ ሲያስጠጉ ሙቀት ከተሰማዎት ገና አልጠፋም ማለት ነው። በሐይቁ ዳርም ሆነ በእግር መንገዱ ላይ የበሉበትን ቆሻሻ ይዘው ለመመለስ አንድ ሁለት ፌስታል በቦርሳዎ ይኑር።