ቤተ መጻሕፍቱ ለሁሉም እንዲሆን ሠራተኞችን እንዴት እናሠልጥን?

በአንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ያየሁትን ላስቀድም። ዓይነ ስውር የሆነ የሕግ ተማሪ ነጭ በትሩን ይዞ መጣ። የጥበቃ ሠራተኛው ፈተሸው፤ ቦርሳውን ተቀበለው፤ ቀጥሎም በትሩን ከእጁ ወስዶ ከቦርሳዎቹ ጎን አቆመው። «ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለው። ወጣቱ ለማስረዳት ሞከረ። ከኋላው ሰልፍ ስለነበረ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በመጨረሻም ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ዱላ እንዳይገባ ተነግሮታል፤ ነጭ በትር ምን እንደሆነ ግን የነገረው የለም። በዚያው ቤት ከጥቂት ወራት በፊት ስለ አካታችነት ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር፤ የተጠሩት የቢሮ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥልጠና ሳዘጋጅ የምጀምረው ከበሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሃያ ያህል ሠራተኞች ላሉት ቤት በሁለት ግማሽ ቀናት ያልቃል። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ቤቱ ራሱ ይበቃሉ።

1. አስቀድማችሁ ቤቱን እንደ እንግዳ ዙሩት

ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከውጭው በር እስከ ንባብ ወንበሩ ያለውን መንገድ ተጓዙና እግር የሚይዘውን ሁሉ ጻፉ። ስንት ደረጃ አለ? የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ካለ፣ አንድ ሰው ያለ ረዳት ይወጣዋል? የመጸዳጃ ቤቱ በርስ ወንበሩን ያስገባል? ማስታወቂያዎቹ በስንት ቋንቋ ተጽፈዋል? ምሽት ላይ ከበሩ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ መብራት አለ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በቀላሉ አትለፉት። ቤቱ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ሆኖ ሳለ ሴት ተማሪዎች ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ደብተራቸውን የሚሰበስቡ ከሆነ ምክንያቱን መንገዱ ላይ ፈልጉት።

ዙሪያውን ብቻችሁን አትጨርሱት። ማየት የተሳነውን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰውን፣ ሕፃን ያዘለችውን አንባቢ ጋብዙና አብራችሁ ዙሩ። ለመጓጓዣቸውም ለጊዜያቸውም ክፈሉ፤ ከእነሱ የምትወስዱት ዕውቀት ነው።

2. ሁሉንም ጥሩ

ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ዕቃ ተቀባይ፣ መጽሐፍ አዋሽ፣ ካታሎግ ሠሪ፣ ኃላፊ፤ አንድም ሰው አይቅር። ቤቱ እንዳይዘጋ በሁለት ፈረቃ ከፋፍሏቸው። ኃላፊው የመክፈቻ ንግግር አድርጎ የሚወጣ ከሆነ ሌላው ሠራተኛ ጉዳዩ የይስሙላ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ስለዚህ ኃላፊው እንደማንኛውም ሠልጣኝ ወረቀቱን ይዞ እንዲቀመጥ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

3. ቃላቱን በአንድ ምሳሌ አስረዱ

ብዝኃነት፣ አካታችነት፣ ፍትሐዊነት የሚሉት ቃላት በትርጉም ብቻ ከቀረቡ ሰው ያዛጋል። እኔ የምጠቀመው የመታወቂያን ደንብ ነው። «ማንኛውም ሰው መታወቂያ ሳያሳይ አይገባም» የሚለው ደንብ ለሁሉም እኩል ነው። ነገር ግን ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጫማ የሚጠርገው ልጅ መታወቂያ የለውም፤ ተፈናቅላ የመጣችው እናትም እንዲሁ። ደንቡ እኩል ሆኖ ውጤቱ አድልዎ ሆነ። ልጁ በአሠሪው ወይም በጎረቤቱ ምስክርነት ገብቶ እዚያው እንዲያነብ መፍቀድ ፍትሐዊነት ነው።

በዚሁ ላይ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡትንና በ2022 ያሻሻሉትን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ ጥቀሱ። አገልግሎቱ በዕድሜ፣ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በቋንቋና በማኅበራዊ ደረጃ ሳይለይ ለሁሉም በእኩልነት እንዲሰጥ ያዛል። ሐሳቡ የአሠልጣኙ የግል ምኞት ሳይሆን የሙያው ደንብ መሆኑን ሠራተኞቹ ይወቁት።

4. የሩቅ አገር ታሪክ ንገሩ

ሰው ስለ ራሱ ቤት ጥፋት በቀጥታ ሲነገረው መከላከል ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውይይት በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በሆነው ነገር ክፈቱ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ አንድ በአንድ ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። እያንዳንዳቸው የአባልነት ካርድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ከመደርደሪያ አንዳንድ መጽሐፍ አንሥተው በየጠረጴዛው ለየብቻ ተቀምጠው በጸጥታ ማንበብ ያዙ። ፖሊስ ተጠርቶ አወጣቸው። ነገሩን ያቀነባበረው የ26 ዓመቱ ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነበር። ከተማው በማግስቱ ዓመት ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሠርቶ ለታከር የዚያን ካርድ ሲሰጠው አልቀበልም አለ። የጠየቀው በዋናው ቤት ለመጠቀም ነበርና።

ታሪኩን ከጨረሳችሁ በኋላ ዝም በሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «በእኛ ቤት በትሕትና ‹አይቻልም› የምንለው ለማን ነው?» መልሱን እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ያስቀምጥ። በቃል ከጠየቃችሁ ኃላፊው ፊት የሚናገር አታገኙም። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሲነበቡ የቤቱ እውነተኛ ገጽታ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር አነበብኩ፦ «ልብሳቸው ለቆሸሸ።» ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ።

5. በጠረጴዛው ዙሪያ ተለማመዱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ከሁለቱ ግማሽ ቀናት አንዱን ሙሉ ቢወስድም አይበዛበትም። ሁለት ሠራተኞች ይነሡ፤ አንዱ አንባቢ፣ አንዱ አስተናጋጅ ይሁን። ጉዳዮቹን በየወረቀቱ ጽፋችሁ አድሉ።

መስማት የተሳናት ተማሪ መጣች እንበል። አስተናጋጇ መዝገቡ ላይ አቀርቅራ ብትናገር ተማሪዋ ከንፈሯን ማንበብ አትችልም። ቀና ብላ፣ ፊት ለፊት አይታ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ታቅርብላት። ተማሪዋ አስተርጓሚ ይዛ ከመጣች ንግግሩ ለተማሪዋ ይሁን። «ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ አጠገቧ ያለውን ሰው መጠየቅ ስድብ ነው።

ዓይነ ስውር አንባቢ ሲመጣ እጁን ይዞ መጎተት የተለመደ ስሕተት ነው። መጀመሪያ «ልምራዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እሺ ካሉ ክንዳችሁን እሳቸው ይያዙ። «ወንበሩ እዚያ ነው» ማለት ለማያይ ሰው ምንም አይነግረውም፤ «ከሦስት እርምጃ በኋላ በግራዎ» በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለሌለ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ የሥልጠና ሰነድ አያነሣውም። «አንተ» እና «እርስዎ»። ክራቫት ያሰረው «ይግቡ» ይባላል፤ በዕድሜ እኩያው የሆነ የቀን ሠራተኛ «አንተ፣ ወዴት ነው?» ይባላል። በልምምዱ ላይ ሁለቱን እንግዶች አከታትላችሁ አስገቡና ሌሎቹ ሠራተኞች የአስተናጋጁን ቃላት ብቻ ይመዝግቡ። ማንም ሰው ሳያስበው እንደሚለዋውጣቸው በዓይኑ ሲያይ ይደነግጣል። ለማናውቀው አዋቂ ሁሉ «እርስዎ» እንድንል በዚያው ተስማሙ። «ዕውር»፣ «ደንቆሮ» የሚሉት ቃላትም ከዚያ ቀን በኋላ በጓዳ ንግግርም ቢሆን እንዳይሰሙ አድርጉ።

6. መደርደሪያውን መርምሩ

ብዙ ቤቶቻችን የሚጠቀሙበት፣ መጻሕፍትን በየርእሳቸው በቁጥር የሚደረድረው የዲዊ አመዳደብ በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። እንግሊዝኛ 420፣ ጀርመንኛ 430፣ ፈረንሳይኛ 440 እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ሙሉ ቁጥር ይዘዋል። አማርኛ በ492.8፣ አፋን ኦሮሞ በ493.5 ሥር ተሸጉጠዋል። በሃይማኖት ክፍል ከ220 እስከ 280ዎቹ ለክርስትና ተሰጥተው እስልምና በ297 ብቻ ይገኛል። ቁጥሩን መለወጥ ከባድ ነው፤ የመደርደሪያውን ጽሑፍና ቦታ መለወጥ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። በአገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። የአካባቢው ልጆች በቤታቸው የሚናገሩበት ቋንቋ መጻሕፍት በታችኛው መደርደሪያ ጥግ ከሆኑ ወደ በሩ አምጧቸው።

ካታሎግ ሠሪዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ብለው ይፈልጉ። ውጤቱ ከተለያየ ፊደል ያልጠነቀቀ አንባቢ መጽሐፉ እያለ «የለም» ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው። የሞክሼ ፊደላቱን ጉዳይ ሥርዓቱን ለሠራው ባለሙያ አሳውቁ። ደራሲን በአባቱ ስም መመዝገብም እንዲሁ የእኛን አንባቢ ያደናግረዋል።

7. የማራኬሽን ስምምነት አሳውቁ

እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ይህ ስምምነት፣ ለዓይነ ስውራንና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለሚሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በብሬል ወይም በድምፅ ለማዘጋጀት የባለመብቱን ፈቃድ መጠየቅ እንዳያስፈልግ በር ይከፍታል። ኢትዮጵያ በ2020 ተቀላቅላዋለች። «የቅጂ መብት ይከለክለናል» እያሉ አንባቢን የሚመልሱ ሠራተኞች አጋጥመውኛል። ይህን መረጃ በአንድ ገጽ አትማችሁ ስጧቸው፤ ለዝርዝር አፈጻጸሙ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

8. በአንድ ደንብ ለውጥ ጨርሱ

የምስክር ወረቀት ከመታደሉ በፊት ሠራተኞቹ አንድ ደንብ ይምረጡ፤ የሚለውጠው ሰውና ቀኑ ይጻፍ። ሁለት ወይም ሦስት ደንብ ከተመረጠ አንዱም አይለወጥም። ከዚያ በሩ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጡ። ጥበቃው ማንንም በመለሰ ቁጥር ስም ሳይጠይቅ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ፦ «መታወቂያ የለውም»፣ «ልጅ ይዛለች»፣ «ሰዓት አልፏል»። ደብተሩ ጥበቃውን ለመቅጣት እንደማይውል ኃላፊው በሁሉም ፊት ቃል ይግባ፤ አለበለዚያ ባዶ ሆኖ ይከርማል። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ደብተሩን አብራችሁ አንብቡ፤ የሚቀጥለው ሥልጠና ርእስ እዚያ ውስጥ አለ።

በትሩ የተወሰደበት ቤት በኋላ ጠርቶኝ ነበር። የተመረጠውን ደንብ የጻፈው ያው ጥበቃ ነው። ዛሬ በቦርሳ መቀበያው መስኮት ላይ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል፦ «ነጭ በትር፣ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር ከባለቤታቸው ጋር ይገባሉ።»