ትራክተሩ ጅማ፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ

ሰቃ፣ ማና፣ ቀርሳ ወይም ጎማ የቤተሰብ መሬት ያለው ሰው፣ ወይም ጅማ ዳር ሰፋ ያለ ግቢ የያዘ፣ «አንድ ትንሽ ትራክተር ገዝቼ ልላክላቸው» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ዋጋው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ከባዱ ማን እንደሚነዳው፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ በምን እንደሚታወቅና ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ ነው። ከመጨረሻው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እሱን ሲሰማ ነውና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2081፣ የማሽን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ሊብሬው በእርስዎ ስም ከሆነ፣ የአክስትዎ ልጅ ለጎረቤት «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ቢያውሰውና የጎረቤት ልጅ ሰው ቢገጭበት፣ ጣጣው ባሕር ተሻግሮ እርስዎ ዘንድ ይመጣል። ደመወዝ የሚከፈለው ነጂ ሥራ ላይ ቢጎዳ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ማሽኑን ራሱን ግን አይሸፍንም። ለማሽኑም ለነጂውም ለየብቻ ሽፋን ይጠይቁ፣ ነጂውን በጽሑፍ ውል ይቅጠሩ፣ የመንጃ ፈቃዱ ለትራክተር የሚሆን መሆኑን ፎቶውን አስልከው ይዩ። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ለዚህ አይበቃም።

ውክልናው ላይ ብዙ አናጠፋም። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው ይፈርማሉ፤ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ልብ የሚባለው ይዘቱ ነው። በዚያው ሕግ ከቁጥር 2203 እስከ 2205 እንደተጻፈው በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «መንከባከብ፣ ማከራየት፣ ቦሎ ማሳደስ፣ መድን መግባት» ብለው ይዘርዝሩና መሸጥን ይተዉት። ጽሕፈት ቤቶቹ የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የተረጋገጠ ትርጉም አብሮ ይኑር፤ ወኪልዎ በማግስቱ «ተርጉመህ ና» ተብሎ ከመመለስ ይድናል።

ለመሆኑ ያስፈልጋል ወይ?

25 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ሮታቬተር (በሚሽከረከሩ ምላጮች አፈሩን የሚያደቅ ማረሻ) ጎትቶ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሒሳቡ 0.36 ሄክታር ይሸፍናል። መዞሪያው፣ ድርቡና የተጠቀለለ ሣር ማጽዳቱ ሲቀነስ ሩብ ሄክታር ይቀራል። ባጭሩ፣ አንድ ጥማድ በአንድ ሰዓት። ሁለት ሄክታር ሁለት ጊዜ ቢታረስ 16 ሰዓት ነው። ጭነትና የግቢ ሣር ማጨድ ተጨምሮበት በዓመት መቶ ሰዓት ካልሞላ፣ በእኛ ግምት መግዛቱ አያዋጣም፤ ወቅቱ ሲደርስ ተከራይቶ ማሳረስ ይሻላል። መሬቱ ቡና ከሆነ ደግሞ ጭራሹን ያስቡበት። በሁለት ሜትር ርቀት የተተከለ ቡና መሐል ትራክተር አይዞርም፤ ቢዞርም የቡና መጋቢ ሥር የሚበዛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ ሮታቬተር ይበጣጥሰዋል። ለቡና ትራክተር የሚጠቅመው እሸቱን ለማጓጓዝ ነው።

ለመግዛት ከወሰኑ ጉልበቱን ሲመርጡ ከፍታውን ያስቡ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በወረቀት 25 የተባለው እዚያ 21 ገደማ ነው። ለቀይ ሸክላ አፈር ከ30 እስከ 35 ቢሆን አይበዛም፤ ለዲስክ ማረሻ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. በርካታ የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ተደርገዋል፤ የእርስዎ ሞዴል ይካተት እንደሆነ ግን ዕቃው መርከብ ሳይሳፈር ከጉምሩክ በጽሑፍ ያስጠይቁ። ከጃፓን የሚመጡ ያገለገሉ ትንንሽ ትራክተሮች ዋጋቸው ያጓጓል። ብዙዎቹ ግን የመገልበጥ መከላከያ ብረት የላቸውም፣ ጽሑፋቸው ጃፓንኛ ነው፣ ለአንድ ፊልትሮ ወር ያስጠብቃሉ። አዲስ አበባ መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ ያለ ማርካ ይግዙ። ከአዲስ አበባ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን ቁልቁለት ወርዶ እስከ ጅማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በራሱ ጎማ እንዲሄድ አይፍቀዱ፤ አንድ ቶን ከምናምን የሚመዝን ትራክተር ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ላይ ይጫናል።

የሚገድለው ምንድን ነው

ትንሽ ትራክተር ትንሽ አደጋ የሚያደርስ ይመስላል። እንዲያውም ትንሹ ጠባብና ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይገለበጣል።

ጅማ አካባቢ በጣም የሚያሳስበን የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው። ትራክተር መጣ ሲባል የሰፈሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይቺን ጉቶ ንቀልልን» ነው። ሰንሰለቱ ከፍ ካለ ቦታ፣ ማለትም ከኋላው አክስል በላይ ወይም ከላይኛው የማረሻ ማያያዣ ላይ ይታሰራል። ነጂው ፍሪሲዮን ይለቃል። ጉቶው አይነቃነቅም፣ ስለዚህ የኋላ ጎማ መዞር አይችልም፤ መዞር ያለበት ጉልበት ግን የሆነ ቦታ መሄድ አለበትና አካሉን በአክስሉ ዙሪያ ያዞረዋል። የፊት ጎማዎች ይነሳሉ። መመለስ የማይቻልበት ነጥብ ላይ ለመድረስ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ይበቃል፤ በዚያች ቅጽበት ማንም ሰው እግሩን ፍሪሲዮን ላይ መልሶ አያደርስም። ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማንኛውም የሚጎተት ነገር የሚታሰረው ዝቅ ብሎ ባለው መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው። ጉቶውን ደግሞ ለዶማና ለመጥረቢያ ይተዉት፤ ክልከላውን ነጂው በሚፈርመው ውል ውስጥ በግልጽ ያስጽፉ። «አይቻልም፣ ባለቤቱ ከልክሏል» ብሎ ጎረቤትን ለመመለስ ለነጂውም ምክንያት ይሆነዋል።

ከወንበሩ ጀርባ የሚቆመው መከላከያ ብረት በማጠፊያ የሚተኛ ከሆነ፣ በዋንዛ ወይም በግራር ጥላ ሥር ሲያልፉ ወይም መጠለያው ሲያጥር ያስተኙትና እዚያው ይረሱታል። ደንቡ አጭር ነው፤ ብረቱ ቆሞ ከሆነ ቀበቶ ይታሰራል፣ ብረቱ ተኝቶ ከሆነ አይታሰርም። ብረቱ ሳይቆም መታሰር ከማሽኑ ሥር ተጣብቆ መቅረት ነው። መጠለያውን ሲያሠሩ በሩን በቆመው ብረት ልክ ከፍ ያድርጉት፤ ግማሹ ችግር እዚያ ያልቃል።

ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ሲርስ ያዳልጣል። ከውሃ መውረጃ ቦይ ዳር ቢያንስ የቦዩን ጥልቀት ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ ቦዩ ሜትር ተኩል ከሆነ ጎማው ሜትር ተኩል ይራቅ። ዳገትን አግድም ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚሄዱት፤ ቁልቁል በከባድ ማርሽ እንጂ ማርሽ አውጥቶ መውረድ የለም። ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች መንገድ ላይ ሲወጡ በማያያዣው መቆለፍ አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ ጎማ ብቻ ይያዝና ትራክተሩ ይጠመዘዛል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት አይብለጥ፤ 1,200 ኪሎ ለሚመዝን ትራክተር ይህ ማለት ተሳቢውን ጨምሮ 12 ኩንታል ነው። ክብደት ለመጨመር የኋላ ጎማዎችን የውስጥ ላስቲክ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ በውሃ መሙላት ይቻላል፤ ብርድ አገር ውሃው በረዶ እንዳይሆን መድኃኒት ይጨመርበታል፣ ጅማ ላይ ተራ ውሃ ይበቃል።

ፒቲኦው፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ ሮታቬተሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። የጋቢ ወይም የነጠላ ጫፍ ከያዘ ሰውየው እጁን ሳያነሳ ይጠቀልለዋል። የፕላስቲክ ሽፋኑ ሲሰበር በሲባጎ አስሮ መቀጠል የተለመደ ነው፤ ሽፋን ከሌለ ሥራ የለም ይበሉ። የተጠቀለለ ሣር የሚነሳው ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፉ ነጂው ኪስ ውስጥ ገብቶ ነው። ወንበሩ አንድ ስለሆነ ሰውም አንድ ነው፤ የሚከብደው ይህን ለቤቱ ልጆች ማስረዳት ነው፣ በተለይ ከአያት ጋር ከሆኑ።

በሰዓት ቆጣሪው ማስተዳደር

ከውጭ ሆነው ሊያምኑት የሚገባዎት ነገር ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ነው። ትራክተሩ ጅማ በገባ በመጀመሪያው ቀን ይህን ያሠሩ፦ ታንከሩ ጢም ብሎ ይሞላ፣ በሜትር የተለካ አንድ ጥማድ ይታረስ፣ ታንከሩ እንደገና ይሞላና የገባው ሊትር ይጻፍ። ለ30 ፈረስ ጉልበት ከ3 እስከ 5 ሊትር መካከል ይወጣል። ያ ቁጥር የእርስዎ ሚዛን ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራ በተሠራ ማታ ሦስት ፎቶ ይላክልዎ፦ ሰዓት ቆጣሪው፣ የናፍጣ ደረሰኙና የታረሰው መሬት።

ሰዓቱ ሳይጨምር ናፍጣው ካለቀ፣ ናፍጣው ሌላ ጀሪካን ውስጥ ገብቷል። ሰዓቱም ናፍጣውም ሄዶ የታረሰው መሬት ካነሰ፣ ትራክተሩ የሌላ ሰው ማሳ ላይ ውሏል፤ ወይም ማረሻው ደንዞ ሥራው ከብዷል፣ ስለዚህ ሳይጠይቁ አይቆጡ። አሮጌው የገመድ ቆጣሪ የሚቆጥረው በሞተሩ ዙር ልክ ስለሆነ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ቀስ ብሎ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ደግሞ ሞተር ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ቢቀርም ይቆጥራል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ወንድምን ሌባ ማለት ይመጣል።

ናፍጣ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰሉት በዲጂታል ስለሆነ ደረሰኙ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ይህ ለእርስዎ ጥሩ ነው። ማደያ በጀሪካን እንዲቀዳ ግን ፈቃድ ያስፈልጋልና ወኪልዎ ወቅቱ ሳይደርስ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቅ። በጀሪካን የመጣ ናፍጣ አንድ ሌሊት ይርጋ፣ በወንፊት ይጠለል፣ የመጨረሻዋ ሁለት ጣት አትቀዳ። ፖምፓና ኖዝል የሚያበላሸው ውሃ እዚያች ሥር ነው ያለው።

አፈሩ ለማረስ መድረሱን ነጂው በእጁ ይፈትን። ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥቶ ይጨብጠዋል፣ ከወገቡ ከፍታ ይለቀዋል። ከተበተነ ይታረሳል፤ ጭብጥ እንዳለ ከቀረ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። እርጥብ ሸክላ ላይ ሮታቬተር ከገባ ከሥር እንደ ምጣድ የጠነከረ ንጣፍ ይሠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት በቆሎው ሲቀጭጭ ጥፋቱ ዘሩ ላይ ይለጠፋል።

ሰርቪሱ የሚታዘዘው በሰዓት ነው እንጂ በወር አይደለም። የመጀመሪያው 50 ሰዓት ላይ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ መመሪያው እንደሚለው በየ200 ሰዓቱ አካባቢ። ግራሶ በየ10 ሰዓቱ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው አቧራ የአየር ፊልትሮው በየቀኑ ይታይ። ሲመጡ በሻንጣ ይዘው መምጣት ያለብዎት ሁለት የዘይት፣ ሁለት የናፍጣና አንድ የአየር ፊልትሮ፣ አንድ ቺንጋ፣ እና አሥር ያህል የፒቲኦ ዘንጉ ቡሎን ነው። ይህ ቡሎን ሮታቬተሩ ድንጋይ ሲመታ እንዲቆረጥ ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገ ነው። ሲያልቅ «ጠንካራ ይሻላል» ተብሎ ሌላ ይገባል፤ ቀጣዩ ድንጋይ ታዲያ ቡሎኑን ትቶ የሮታቬተሩን ጥርሳ ጥርስ ይሰብራል፣ ያ ደግሞ ጅማ ላይ በቀላሉ ላይገኝ ይችላል።

ሥራ በሌለበት የክረምት ወር ትራክተሩ ጣራ ሥር ይቁም፣ ማረሻው መሬት ይንካ፣ ታንከሩ ሙሉ ይሁን፤ ባዶ ታንከር በጅማ እርጥበት ውሃ ያፈራል። የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ተረግጦ በእንጨት ይያዝ፣ አለዚያ ሸራው ዝጎ ይጣበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ተነስቶ ሃያ ደቂቃ ይሙቅ። ያ በሰዓት ቆጣሪው ላይ የሚጨምረው በወር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በወሩ መጨረሻ የሚላከው ፎቶ ስድስት ሰዓት ጨምሮ ካሳየ ደውለው ይጠይቁ።