የጊኒ ፒጋችሁ ቤት ወለል ላይ ይቀመጥ ወይስ እግር ይኑረው?

ጊኒ ፒግ (አይጥ የሚመስል፣ ጭራ የሌለው ትንሽ የቤት እንስሳ) ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ «ይገዛልን» ብለው ወጥረው የያዟችሁ የአዳማ ሰዎች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። እዚህ ከተማ ጊኒ ፒግ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ስላልሆነ ጎረቤት ጠይቆ መማር ይከብዳል። «አይጥ ነው እንዴ የገዛሽው?» የሚል ግን ሞልቷል። እኔ ሁለት አሉኝ፣ ቡላና ዳማ፣ ሁለቱም ሴቶች። ከእኔ ጋር አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። በነዚህ ዓመታት ቤታቸው መሬትም ላይ ነበር፣ ጠረጴዛም ላይ ነበር፣ አሁን ደግሞ እግር አለው። ሦስቱንም አይቻለሁ።

ብዙ ሰው ጥያቄውን የሚያነሳው ለራሱ ብሎ ነው። ጎንበስ ቀና ማለቱ ወገብ ይጎዳል፣ ሳሎን ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ አያምርም። እነዚህም ልክ ናቸው፣ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እነሱ የሚተነፍሱትን አየር እዩ። እኛ ቆመን የምንተነፍሰው አየርና ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለው አየር አንድ አይደለም።

ስለዚህ ወለሉ ላይ ተኙ። የምሬን ነው። ኬጁን፣ ማለት ቤታቸውን፣ ልታስቀምጡ ባሰባችሁበት ቦታ ምንጣፍ አንጥፉና ጉንጫችሁን ወደ መሬት አስጠግታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። አንዴ ማታ፣ አንዴ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ። ማታ ስትተኙ ሻማ አብሩና መሬት ላይ አቁሙት። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጥሩ። ወደ አንድ ጎን ከተጋደመ ግን በበሩ ሥር ንፋስ እየገባ ነው። የእኔ ሻማ በጥቅምት መጨረሻ ጭራሽ ጠፋ፣ እኔ ደግሞ ቆሜ ምንም ንፋስ አይሰማኝም ነበር። አዳማ ናት እኮ። ኮረብታው ላይ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ተርባይኖችን ያስተከለ ንፋስ የእኛን በር ሥር አይምርም። ጊኒ ፒግ ደግሞ ሳንባው ስስ ነው። ንፋስ እየመታው፣ ሊሾ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞት ካደረ ወደ ሳንባ ምች ለመሄድ ጊዜ አይፈጅበትም።

ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጊኒ ፒግ የሚስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ከ28 ካለፈ ያስጨንቀዋል፣ 30 ሲደርስ ሊገድለው ይችላል። እንደ እኛ አያልበውም፣ ጸጉሩ ደግሞ ወፍራም ነው። መጋቢትና ሚያዝያ እዚህ እንዴት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ቆርቆሮው ደግሞ ከላይ ያነድዳል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ኬጅ ምድጃ በሉት። አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ አንዴ ወለሉ ላይ፣ አንዴ ልታስቀምጡበት ባሰባችሁት ከፍታ ላይ አኑሩት። እኔ እንዲህ ሳደርግ የወለሉ ሁሌም ዝቅ ብሎ ነው ያነበብኩት። ሴራሚክ ወለል ከሆነማ ልዩነቱን በእጃችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ በሙቀቱ ወራት ቀን ቀን ሁለቱንም ሴራሚኩ ላይ አወርዳቸዋለሁ፣ ማታ ወደ ቤታቸው። ሆዳቸውን ለጥፈው እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ሲተኙ ደስ ይላል። ይሄ መዝናናት ነው። ምራቅ እያዝረበረቡ፣ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሱ፣ ሲነኳቸው ሳይነሱ ከተዘረጉ ግን ሙቀት መትቷቸዋል። ያኔ በቀዝቃዛ፣ ግን በረዶ ባልሆነ ውኃ የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

አሁን ሰው የማያስበው ነገር። ቡና። ከሰሉ የሚቀጣጠለው መሬት ላይ ነው፣ ረከቦቱም መሬት ላይ ነው፣ ዕጣኑም እንደዚያው። ኬጃችሁ እዚያው ክፍል ወለሉ ላይ ካለ ጭሱ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ከፍ ማድረግም አያድንም፣ ጭስ ይወጣል እንጂ አይወርድም። እናቴ ዕጣን ሳታጨስ ቡና አታፈላም፣ እኔም ተይ አልላትም። እሷ ስትቀመጥ እነሱን ወደ መኝታ ቤት ወስጄ በሩን እዘጋለሁ፣ ሳሎኑ ተናፍሶ ሽታው ሲጠፋ እመልሳቸዋለሁ። ይሄን ለማድረግ ኬጁ መነሳት አለበት። ስለዚህ እግር ልታሠሩለት ከሆነ ጎማ ያለው እግር አሠሩ። ካላችሁት ጥያቄ ሁሉ ይሄ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ ከፍታው ምንም ይሁን ምን።

ከቡናው ሌላ መሬት ላይ የሚመጣ ነገር በረኪና ነው። ወለል ሲወለወል የበረኪናው ሽታ ከሁሉ የሚከፋው እዚያው ወለሉ አጠገብ ነው። በሽንታቸው የቆሸሸ ቦታ ላይ በረኪና ማፍሰስ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው፣ ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ እናንተንም ይጎዳችኋል። ኬጁን በአቼቶና በውኃ አጽዱት። የደረቀውን ነጭ የሽንት ቅርፊት ጥሩ አድርጎ ያነሳዋል። አቼቶና በረኪናም እንዳይቀላቀሉ። ለትንኝ ወይም ለበረሮ ፍሊት የሚነፋ ቀን ደግሞ ጨርሶ ከክፍሉ ይውጡ።

ድመት፣ አይጥ፣ ጉንዳን። ወለል ላይ ያለ ኬጅ ለሦስቱም ክፍት ነው። አይጥ ማታ ማታ ለመኖው ይመጣል፣ በሽታም ይዞ ይመጣል። ለጉንዳን እኛ አገር የታወቀውን ተጠቀሙ፣ የኬጁን እግሮች ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ይሄ የሚሠራው ኬጁ ካልተነዳ ነው፣ ስለዚህ እኔ ጉንዳን በሚበዛበት ሰሞን ብቻ ጎማዎቹን ጣሳ ውስጥ አስገብቼ ሳልነዳው አቆመዋለሁ። ለድመት ግን ከፍታ ዋጋ የለውም። ድመት ይዘላል። የሚያድነው ክዳን ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ከግቢ አልፎ ቤት የሚገባበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትጨነቁ፣ ከፍ አድርጉት፣ አለቀ።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የፍርሃት ጉዳይ አለ። ጊኒ ፒግ ታዳኝ እንስሳ ነው። ዘር ማንዘሩ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ጭልፊትና ንስር ከላይ እየወረደ ሲለቅመው ኖሯል። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሱ ጥፍር ነው። ቡላ መሬት ላይ በነበረችበት ዓመት ባጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ካርቶኗ ትገባ ነበር። እኔ አልወደደችኝም ብዬ አዝን ነበር። ቤታቸው ከፍ ካለ በኋላ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ፊቴ ከፊቷ ትይዩ ሆነ። በሳምንቷ የድርቆሽ ዘለላ ከእጄ ጎትታ ወሰደች። አፍንጫዋ ጣቴን ሲነካ እርጥብ ነበር። አሁን የፌስታል ኮሽታ ስትሰማ በፉጨት ቤቱን ታናጋዋለች። ፈሪ እንስሳ ካላችሁ ከፍ ማድረግ በጣም ይረዳል።

ከፍታ ግን መውደቅን ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ በነበሩ ጊዜ የኬጁ ግድግዳ አጭር ነበር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ዳማን አነሳቻት። ዳማ ተፈራገጠችና ከእጇ አመለጠች። ጊኒ ፒግ እንደ ድመት በእግሩ አያርፍም። ሰውነቱ ከባድ ነው፣ እግሩ ቀጭን ነው፣ ርቀትም አይገምትም። በፊቷ አረፈች። የላይ ጥርሶቿ ተሰበሩ። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ ተመልሶ በቀለ፣ ግን ያን ያህል ጊዜ ካሮትና የፈረንጅ ቃሪያ እንደ ክር አድርጌ እየከተፍኩ ነው ያበላኋት። ቃሪያውን መተው አይቻልም ነበር፣ ቫይታሚን ሲ እንደኛው ሰውነታቸው አይሠራላቸውም፣ ከምግብ ካላገኙ ይታመማሉ። ልጅቷንም አልቆጣኋትም፣ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ከሰባት ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ወይ ኬጁ መሬት ላይ ይሁን፣ ወይ ክዳኑ ይቆለፍ። ልጁም መሬት ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ነው የሚይዛት። ቆሞ በፍጹም።

ካያችሁ፣ ከለካችሁ በኋላ ከፍ ለማድረግ ከወሰናችሁ አሠራሩን ልንገራችሁ። በያጅ ጋ ስትሄዱ የለመደውን የዶሮ ኬጅ ነው የሚያሳያችሁ፣ ወለሉ ሽቦ የሆነውን። በጠጡ ወደ ታች ይወድቃል፣ ጽዳት ይቀላል ይላችኋል። እሺ እንዳትሉት። ጊኒ ፒግ ውስጥ እግሩ ጸጉር የለውም። ሽቦ ላይ የቆመ መዳፍ ይላጣል፣ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ሲብስ አጥንት ድረስ ይገባል። ጣትም ይሰነቀርበታል። ወለሉ ድፍን ይሁን። እኔ ከቱቦላሬ ፍሬም አሠራሁ፣ ላዩ ላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ በዚያ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ጠርዙን ወደ ላይ አጥፌ፣ ሽንት እንጨቱ ውስጥ እንዳይገባ። ስፋቱ ለሁለት ቢያንስ 75 በ120 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ከቻላችሁ ጨምሩ። ተደራራቢ ፎቅ በመሥራት ስፋትን ማካካስ አይቻልም፣ እነሱ መሮጥ እንጂ መውጣት አይወዱም። ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከንፋሱ ይወጣል፣ ከቆርቆሮው ሙቀት ግን ይርቃል፣ ተቀምጣችሁ ፊታችሁ ይደርሳል፣ ወገባችሁም አይጎብጥም። ግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ሁለት ጎኑ ድፍን፣ ሁለቱ አየር የሚያሳልፍ። ሥሩ ባዶ ስለሚሆን ድርቆሹን እዚያ አስቀምጡ፣ የእኔ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይይዛል።

ከበያጁ ሳትወጡ ነቅንቁት። የሚወዛወዝ ኬጅ እነሱን ቀኑን ሙሉ ያስደነግጣል። በተለይ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሆናችሁ ወለሉ ራሱ ይነዝራል፣ የላላ ብየዳ ያንን እጥፍ ያደርገዋል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን አጠገብም አታስጠጉት።

ከሥራቸው የሚነጠፍላቸውን በተመለከተ ባጭሩ። ከአናጢ ቤት የሚመጣው ዱቄት የመሰለ ሰጋቱራ ሳንባቸውን ይሞላል፣ ሽታው የሚያውደው የጽድ ፍቅፋቂም አይሁን። የጤፍ ጭድ ውጪ አራግፋችሁ አንጥፉላቸው፣ በሥሩ ጋዜጣ ወይም ብርድ ልብስ አድርጉ።

ወለል ላይ ለማስቀመጥ የወሰናችሁም አላጠፋችሁም። ሻማው ቀጥ ካለ፣ ጎርፍ ከሌለ፣ ድመት ካልገባ፣ ክፍሉ ኮርኒስ ከሌለው፣ ወለል ይሻላል እላለሁ። በራሳቸው ወጥተው ሮጠው መግባት ይችላሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሊሾውን ብቻ አታምኑት። ከሥሩ ሁለት ድርብ ካርቶን ወይም አሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አንጥፉ፣ ከበሩ ትይዩ አታድርጉት፣ በዚያ በኩል ያለውን ጎን በኮምፔንሳቶ ከልሉት። ስትመግቧቸው ደግሞ ቆማችሁ አትወርውሩ፣ ተቀመጡ።

ከወለል ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች ስትቀይሩ በአንዴ ሁሉን አታጽዱ። ከድሮው ጭድ አንድ እፍኝ አዲሱ ቤት ውስጥ ጣሉበት፣ የሚገቡበትን ካርቶንም ሳታጥቡ አዛውሩ፣ ሽታቸውን ሲያገኙ ይረጋጋሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ድርቆሹ መጉደሉንና በጠጣቸው መኖሩን እዩ። ጊኒ ፒግ ሆዱ ባዶ ሆኖ መቆየት አይችልም፣ አንጀቱ ይቆማል። ማታ የሞላችሁት ድርቆሽ ጠዋት እንዳለ ካገኛችሁትና በጠጥም ከሌለ፣ «ቤቱን እስኪለምድ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ጠዋት የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።