መድኃኒት ገዝተን ስንገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ አወሳሰዱ ሲበላሽ ያሳዝናል። አብዛኛው ስህተት እዚያው ፋርማሲ ውስጥ በአንድ ጥያቄ የሚቀር ነው።

የሚያበቃበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ይሄኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፓኬቱ ላይ 06/2025 ተጽፏል እንበል። በእኛ 2018 ላይ ሆኖ የሚያየው ሰው «ገና ሰባት ዓመት አለው» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ቀኑ ግን የፈረንጅ ነው። 06ም ጁን እንጂ የካቲት አይደለም። ያ መድኃኒት ሰኔ 2017 ላይ ጊዜው አልፏል። እናት አባታችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ መድኃኒት የሚያስቀምጡባትን ፌስታል አብራችኋቸው ፈትሹ።

«በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል ቁርስ፣ ምሳና እራት ማለት ይመስለናል

እንደ አሞክሳሲሊን ላለ ፀረ ባክቴሪያ ሦስት ጊዜ ማለት በየ8 ሰዓቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከወሰዳችሁ ሌሊቱን 11 ሰዓት ሙሉ ያለመድኃኒት ታድራላችሁ። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ብታደርጉት እኩል ይከፋፈላል። ስልካችሁን አላርም ሙሉት። ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚለው እንደ መድኃኒቱ ይለያያልና ጠይቁ።

ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መግዛት

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን ቫይረስ ላይ አይሠራም። ካለፈው የተረፈውን ለልጅ መስጠት ደግሞ ይብሳል፣ እባካችሁ ተዉት።

ፓራሲታሞል መደራረብ

ራሳችንን ሲያመን ፓራሲታሞል እንውጣለን፣ በላዩ የጉንፋን ኪኒን እንጨምራለን። ብዙዎቹ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ ግን ራሱ ፓራሲታሞል አለ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጉበት ይጎዳል። ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ልኩ ከዚህም ሊያንስ ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ።

ግፊቱ ሲስተካከል መድኃኒቱን ማቆም

የወረደው እኮ በመድኃኒቱ ነው! «ምንም አያመኝም» ማለትም አያዋጣም፤ ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ኪኒኑ ካስቸገራችሁ አትደብቁ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፣ አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ለሐኪሙ ንገሩት፣ በሌላ ይቀይርላችኋል።